ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሊንተርና የቴስት ከቨሬጅ እንዴት አስገባችሁ? ጎንደር ያላችሁ ብቅ በሉ

ማራኪ_ልጅ · ኅዳር 3 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ቤቶች። ቢሮአችን ፒያሳ ነው። ዘጠኝ ሆነን አንድ የቁጠባና ብድር ሶፍትዌር እንሠራለን። ባክኤንዱ ፓይተን ነው፣ ጃንጎ ላይ። ፊቱ ጃቫስክሪፕት። አምስት ዓመት የተከመረ ኮድ ነው፤ ግማሹን የጻፉት ልጆች አሁን አዲስ አበባ ናቸው።

ችግሬ ይሄ ነው። ሪቪው ላይ (አንዱ የሌላውን ኮድ ሲያይ) ጊዜያችን የሚያልቀው በማይረባ ነገር ነው። ትናንት አንድ ፑል ሪኩዌስት (ዋናው ኮድ ውስጥ ይግባልኝ ተብሎ የተላከ ለውጥ) ላይ 23 አስተያየት ነበር። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 19ኙ ስለ ክፍተት፣ ስለ ነጠላና ድርብ ጥቅስ፣ ስለ መስመር ርዝመት ነው። ለውጡ የወለድ ስሌት ነበር። ስለ ወለዱ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

አለቃችን ደግሞ ከሆነ ስብሰባ ተመልሶ «በሦስት ወር 80 በመቶ ከቨሬጅ እፈልጋለሁ» አለ፤ ኮዱን የሚፈትሹት ቴስቶች ከኮዱ ስንት በመቶውን እንደሚነኩ ማለት ነው። ለካን፤ 34 ወጣ። ሊንተሩን (ኮዱን አንብቦ ስህተት የሚጠቁመውን መሣሪያ) ሕጉን ሁሉ ከፍተን ለኮስነው፤ ከ14 ሺህ በላይ ስህተት ዘረገፈብን። አንዱ ልጅ ሳቀ። አንዷ ላፕቶፗን ዘግታ ማኪያቶ ልትጠጣ ወጣች።

ከየት ልጀምር? ማሽን እንዲሠራው ነው የምፈልገው፣ ሰው እንዲጨቃጨቅበት አይደለም። መብራትና ኔትወርክ ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

የአዘዞው · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4፡02

14 ሺህ አያስደንግጥህ። እኛ ጋ ከዚያም ይበልጥ ነበር። የተሳሳትከው ሁሉንም በአንዴ መክፈትህ ላይ ነው። ራፍ የሚባለው የፓይተን ሊንተር ብቻውን ከ800 በላይ ሕግ አለው፤ እርስ በርሳቸው የሚጋጩም አሉበት። ማንም ሁሉንም አይከፍትም።

መጀመሪያ ፎርማተሩን (የኮዱን ቅርጽ ራሱ የሚያስተካክለውን) ብቻ አስገባ። ብላክን ወይም የራፍን ፎርማተር ያዝና ሙሉ ፕሮጀክቱን በአንድ ኮሚት (ጊት ላይ በሚመዘገብ አንድ ለውጥ) አስኪደው። እዚያ ኮሚት ውስጥ ሌላ ምንም ለውጥ አይግባ። ዓርብ ማታ አድርገው፣ የተከፈተ ፑል ሪኩዌስት በሌለበት። ከዚያ ወዲያ የጥቅስና የክፍተት ወሬ አለቀ። ብላክ መስመሩን 88 ላይ ይቆርጣል። ካልተመቻችሁ ቁጥሩን ቀይሩት፣ ግን ለቁጥሩ ብላችሁ ስብሰባ እንዳትጠሩ።

«ጊት ብሌም ሊበላሽ ነው፣ ሁሉም መስመር በአንተ ስም ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። የፎርማት ኮሚቱን መለያ አንድ ፋይል ላይ ጽፈህ ጊትን «ይቺን ዝለላት» ትለዋለህ። በፈረንጆቹ 2019 ከወጣው ጊት 2.23 ጀምሮ አለ።

ሊንተሩ ከዚያ በኋላ ነው። እውነተኛ ስህተት የሚይዙትን ብቻ ክፈት። የማይታወቅ ስም መጥራት፣ ሌላ ቦታ ያለ ኮድ ኢምፖርት አድርጎ (አስገብቶ) ሳይጠቀሙበት መርሳት፣ እነዚህን የመሳሰሉ። ፓይፍሌክስ ከሚባለው የድሮ ሊንተር የመጡ ናቸው፤ ራፍ ላይ ኤፍ በሚለው ፊደል ይጀምራሉ። እኛ እነሱን ብቻ ስንከፍት ሦስት ቦታ ላይ የሌለ ስም የሚጠራ ኮድ አገኘን። ሦስቱም ስህተት ሲፈጠር ብቻ የሚኬድበት መንገድ ላይ ነበሩ። ማለት፣ ሲስተሙ ችግር ሲገጥመው የስህተቱን ምክንያት ከመናገሩ በፊት ራሱ ይወድቃል። አስበው እስቲ።

አራዳ_ጄኤስ · ኅዳር 3፣ ከምሽቱ 4፡15

የነጠላና የድርብ ጥቅስ ጠብ በአፄ ፋሲል ዘመን የተጀመረ ነው። ግንቡ ስድስት የሆነው ለዚህ ነው፣ እያንዳንዱ ንጉሥ የቀድሞውን ፎርማት አልቀበልም እያለ 😂

ቁም ነገሩን ስናወራ፣ ጃቫስክሪፕቱ ላይም ያው ነው። ፕሪቲየር ቅርጹን ይያዝ፣ ኢኤስሊንት ስህተቱን ይያዝ። ኢኤስሊንትን ስለ ቅርጽ አታናግሩት፣ ሁለቱ ይጣላሉ።

ጋሼ_ሲ · ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 1፡30

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ ፓይተናችሁን ብዙም አላውቀው፤ ዕድሜዬ በሲ ነው ያለቀው። አንድ ነገር ላዋጣ።

ሊንት የሚለውን ስም ያወጣው የቤል ላብስ ሰው ስቲፈን ጆንሰን ነው፣ በ1978 እ.ኤ.አ.። ቃሉ ከልብስ ላይ የምንለቅመው ብናኝ ማለት ነው። እናቶቻችን ጥጥ ሲዳምጡ አይታችሁ እንደሆነ፣ ፍሬውን ያወጣሉ እንጂ ጥጡን አይጥሉም። ከ14 ሺህ ውስጥ ፍሬው ስንት እንደሆነ መለየት የእናንተ ሥራ ነው፣ የመሣሪያው አይደለም።

የማየው በሽታ ግን ሌላ ነው። ሊንተሩ ሲጮህ መስመሩ ጫፍ ላይ «ዝም በል» የሚለውን ምልክት ለጥፎ ማለፍ። የትኛውን ሕግ ዝም እንዳሰኙት እንኳ አይጽፉም። ምልክቱ ይኑር፣ ግን የሕጉ ቁጥርና አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት አብሮት ይጻፍ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚያነበው ሰው ምን እንደነበር በምን ያውቃል?

የአዘዞው · ኅዳር 4፣ ከጠዋቱ 2፡05

ጋሼ ልክ ነዎት። ራፍ ላይ ደግሞ አሁን የማያስፈልግ የ«ዝም በል» ምልክትን ራሱን የሚያጋልጥ ሕግ አለ። ይወዱታል።

ሳሙና_በር · ኅዳር 4፣ ከቀኑ 7፡40

የ80 በመቶውን ነገር ልንገርህ ወንድሜ፣ ቀምሼዋለሁ። ድሮ የሠራሁበት ቤት 90 ብለው ነበር። ቦነስ የተሰላው በሱ ነው። በሁለት ወር 90 ገባን፤ ኬክ ተቆረጠ።

እንዴት ገባን? ቴስቱ ፋንክሽኑን ይጠራዋል። የሚመልሰውን አያየውም። መጨረሻ ላይ «እውነት እውነት ነው» የሚል መስመር አለ፣ አለቀ። ከቨሬጅ የሚለካው መስመሩ መሮጡን እንጂ ትክክል መሮጡን አይደለም። ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ሰኞ ደንበኛ ደውሎ «ደረሰኙ ላይ ተቀናሽ እየተደመረ ነው» አለ። ያ ፋይል መቶ ከመቶ ነበር!

ቁጥር ደመወዝ ላይ ከታሰረ ሰው ቁጥሩን ያመጣል። የፈለጋችሁትን ግን አያመጣም። አለቃህን ቡና ጋብዝና ከ80ው አውርደው።

ቁስቋም_ቴስተር · ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2፡25

ሳሙና_በር ያለው እውነት ነው፣ ግን ከዚያ ተነስቶ አንለካ ማለት አይሆንም። እኔ ሥራዬ ይሄው ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

የድሮውን ኮድ ተዉት። ከልቤ ነው። ለአምስት ዓመት ኮድ አሁን ተቀምጦ ቴስት መጻፍ ማለት፣ ኮዱ ዛሬ የሚያደርገውን አይቶ «ትክክሉ ይሄ ነው» ብሎ መፈረም ነው። ስህተቱንም አብራችሁ ትፈርሙለታላችሁ። ይልቅ በዚህ ፑል ሪኩዌስት የተነካውን መስመር ብቻ ለኩ። ዲፍ ከቨር የሚባል መሣሪያ አለ። የከቨሬጅ ሪፖርቱንና የጊትን ልዩነት አስተያይቶ «ከነካሃቸው 40 መስመሮች 31ዱ ተፈትነዋል፣ ያልተፈተኑት እነዚህ ናቸው» ይላል። ወሰን የምታስቀምጡት እዚያ ላይ ነው። አዲስ ኮድ ላይ 85 መጠየቅ ማንንም አያስለቅስም፤ የጻፈው ሰው ገና ከአእምሮው አልወጣም።

ለጠቅላላው ቁጥር ደግሞ አንድ ሕግ ይበቃል፤ አይውረድ። ዛሬ 34 ከሆነ ወለሉ 34 ነው። 35 ሲደርስ ወለሉን 35 አድርጉት። ወደ ኋላ የማይዞር ማርሽ በሉት።

ሌላው፣ የብራንች መለኪያውን አብሩ። ያለሱ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል ኮድ ሁኔታው እውነት ሲሆን ብቻ ተፈትኖ ሁሉም መስመር አረንጓዴ ይሆናል። ውሸት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ማንም አላየም። ቁጥሩ ትንሽ ይወርድባችኋል፣ አትደንግጡ።

ማራኪ_ልጅ · ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3፡00

እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ ይሄን ነበር የምፈልገው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የት ላይ ይሩጥ? ሙሉ ቴስቱ 26 ደቂቃ ይፈጃል። ክላውድ ላይ ሞከርነው፣ ኔትወርኩ ሲሄድ ሁላችንም ቁጭ ብለን ክብ ምልክቱ ሲዞር እናያለን።

የአዘዞው · ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3፡35

ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ዴስክቶፕ ላይ የጊትላብ ራነር (ቴስቱን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ጫን። ዩፒኤስ ስር አድርገው፣ ራውተሩንም አብረህ። ራውተሩን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ማሽኑ በርቶ ኔትወርክ የለም።

የፓይተን ጥቅሎችን አንዴ አውርደህ እዚያው አስቀምጥ፣ በየሩጫው ከውጭ አይጎትት። ቴስቱን ደግሞ ክፈለው። ኤክስዲስት የሚባለው የፓይቴስት ተጨማሪ አራት ኮር ላይ ያከፋፍልልሃል፣ ከቨሬጁን ደግሞ ፓይቴስት-ኮቭ መጨረሻ ላይ ያዋህደዋል። ፓይተናችሁ ከ3.12 በታች ከሆነ አሻሽሉት፤ ከዚያ ወዲህ ቋንቋው ራሱ ለእንዲህ ያለ መለኪያ ቀለል ያለ መንገድ ከፍቷል። ፑል ሪኩዌስት ላይ የተነካው ሞጁል ቴስት ብቻ ይሩጥ፣ ሙሉው ሌሊት ላይ።

ፕሪ-ኮሚትም በየላፕቶፑ ላይ ጫኑ፣ ኮሚት ሳይደረግ ፎርማቱን ያስተካክላል። ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ። አንድ ቃል ጨምሮ ማለፍ ይቻላል፣ ሰው ሲቸኩል ደግሞ ያልፋል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሲአዩ (ለውጥ በተላከ ቁጥር ሊንተሩንና ቴስቱን ራሱ የሚያስኬደው) ነው።

አራዳ_ጄኤስ · ኅዳር 5፣ ከረፋዱ 4፡20

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ የራሳችንን ትንሽ ሊንተር ጽፈናል፣ ለአማርኛው። አንድ ስክሪን ላይ «ሂሳብ»፣ ቀጥሎ ባለው ላይ «ሒሳብ» ነበር። ደንበኛው ፍለጋ ላይ በአንዱ ጽፎ የሌላውን አያገኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ስክሪፕቱ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ቀይሮ ያነባቸውና ተመሳሳይ ቃል በሁለት ፊደል ከተጻፈ ይጮሃል። ከመቶ መስመር አይበልጥም። የሚሸጥ ሊንተር አይሠራላችሁም ይሄን።

ጋሼ_ሲ · ኅዳር 5፣ ከቀኑ 6፡10

ትክክለኛው «ሒሳብ» ነው። «ሐሳብ»ም በሐመሩ ሐ ነው፣ ዘሩ አንድ ነው። መቼም እኔን ማን ይሰማኛል።

ማራኪ_ልጅ · ታኅሣሥ 18 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2፡00

ወሬ ልስጣችሁ። ፎርማቱን አንድ ዓርብ ማታ ጨረስነው። ሰኞ ሁለት ሰው አኮረፈ፣ ረቡዕ ረሱት። ኤፍ የሚሉትን ሕጎች ከፍተን ከ14 ሺው 610 ቀረ። አብዛኛው ያልተጠራ ኢምፖርት ስለነበር መሣሪያው ራሱ አጠፋው። ራነሩ ከቡና ማፍያው አጠገብ ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ሩጫው 7 ደቂቃ ገባ። ሪቪው ላይ አሁን ስለ ሥራው ነው የምናወራው።

አለቃዬን ቡና ጋበዝኩት። የሳሙና_በርን ታሪክ ነገርኩት (ስም አልጠራሁም)። 80ው ለጊዜው ተነስቷል።

ማራኪ_ልጅ · ጥር 6 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 4፡45

ይሄን ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሥራው ሲያምርልን አንዱ ልጅ ተጨማሪ የራፍ ሕጎች ከፈተ፣ ኮድ አሳጥር የሚሉትን። ከነሱ አንዷ ኤስአይኤም 108 ትባላለች። «ይህ ከሆነ ይህ፣ ካልሆነ ያ» ብለህ በአራት መስመር የጻፍከውን በአንድ መስመር ጻፈው ትላለች። ልጁ የወለድ ሞጁሉን ሁሉ እንደሷ ምክር አጸዳና ፑል ሪኩዌስት ላከ። ሲአይ አረንጓዴ። ዲፍ ከቨር መቶ ከመቶ። ጠቅላላ ከቨሬጅ ከ39.6 ወደ 39.9።

ያቺ ላፕቶፗን ዘግታ ማኪያቶ ልትጠጣ የወጣችው ልጅ ናት ሪቪው ያደረገችው። አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፦ «ቴስት አልተጨመረም። ከቨሬጁ በምን ጨመረ?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። ቁጭ ብለን አየነው። የድሮው ኮድ እንዲህ ነበር። ወሩ 13 ከሆነ፣ ዓመቱን ለ4 አካፍል፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ቀኑ 6፣ ካልሆነ 5። አራት መስመር። «6» የምትለዋ መስመር ቀይ ነበረች፤ ቴስት አንድም ቀን ደርሶባት አያውቅም። በአንድ መስመር ሲጠቀለል ግን መስመሩ አንድ ነው፣ ሮጧል፣ አረንጓዴ! የብራንች መለኪያውም አላየውም። ከቨሬጅ ፓይ (ቁጥሩን የሚያወጣልን መሣሪያ) የሚከታተለው ከመስመር ወደ መስመር ያለውን ዝላይ ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ መስመር ውስጥ ከገቡ ለሱ አንድ መንገድ ናቸው።

እሺ፣ ቴስት እንጻፍላት አልን። 2015 ጳጉሜ ስንት ቀን ነበረች? ስድስት። ሁላችንም እናስታውሳለን፣ አዲስ ዓመቱ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 የዋለበት ነው። ቴስቱን አስኬድነው። 5 አለ። 2016ን አስገባን። 6 አለ።

ዝም አልን።

የጻፈው ሰው የፈረንጁን ሕግ ነው የገለበጠው፣ ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈለውን። የኛ ቀሪው 3 ሲሆን ነው። የወለዱ ክፍል ሥራ የጀመረው መስከረም 2016 ስለሆነ እውነተኛ ጳጉሜ 6 ገጥሞት አያውቅም። የሌለ ጳጉሜ 6 ግን ቆጥሯል፣ በ2016 መጨረሻ።

ደንበኛው ቤት ሒሳብ ክፍል ላሉት እትዬ ደወልኩ። ሳልጨርስ አቋረጡኝ። «የአንድ ቀን ወለድ ተርፎ በእጄ አስተካክዬ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ነግሬያችሁ ነበር እኮ!» አሉ። ቲኬቱን (የቅሬታ መዝገቡን) ፈለግሁት። አለ። ጥቅምት ላይ ተሞክሮ «ስህተቱ ሊደገም አልቻለም» ተብሎ ተዘግቷል። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሳሙና_በር · ጥር 6፣ ከምሽቱ 5፡02

ኧረ በስመ አብ። ሊንተሩ ደበቀው፣ ከቨሬጁ አጨበጨበለት። ለልጅቷ የዓመት ማኪያቶ ይገባታል።

ጋሼ_ሲ · ጥር 7፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጄ፣ ከዚያች ቢሮ ወጥተህ መንገድ ላይ ያገኘኸውን ካህን ብትጠይቅ በአንድ ቃል ይመልስልህ ነበር። ዘመነ ሉቃስ። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው ሉቃስ ሲያልቅ ነው።

ስሌቱም ይኸው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለ4 ታካፍላለህ። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ። 5500 ራሱ ለ4 እኩል ስለሚካፈል ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ብትወስድም ያው ነው። ያ ሰው የዮሐንስን ዓመት ሉቃስ አድርጎታል። ዘንድሮ ማርቆስ ነው። የሚቀጥለው ሉቃስ ነው፣ 2019። ሳይደርስባችሁ አገኛችሁት።

ማራኪ_ልጅ · ጥር 7፣ ከጠዋቱ 2፡30

ጋሼ፣ የተናገሩትን ቃል በቃል ከፋንክሽኑ በላይ ኮሜንት አድርጌ ጻፍኩት። ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁስቋም_ቴስተር · ጥር 7፣ ከረፋዱ 3፡15

ኤስአይኤም 108ን ምን አደረጋችኋት? ሌላ ቦታስ እንደዚሁ በአንድ መስመር የተጠቀለለ የለም?

ማራኪ_ልጅ · ጥር 7፣ ከረፋዱ 4፡40

ዘጋናት፣ ጋሼ እንዳሉት ምክንያቱን ጽፈን። ወለድ ሞጁሉ ወደ አራት መስመር ተመለሰ። ቴስቱ አሁን ከ2011 እስከ 2023 ያሉትን ዓመታት በሠንጠረዥ ይዟል። ከቨሬጁ ወደ 39.6 ወርዶ በቴስቱ 39.7 ሆነ። ወለሉ 39.9 ላይ ስለነበር ሲአይ እምቢ አለን፣ በእጅ አወረድነው 😅

ሌላ ቦታ ያልሽው፣ ፈለግሁ። ስድስት አለ። አራቱ ምንም አይደሉም። አንዱ የኛን ሰዓት ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ነው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቀኑን ይለውጥ አይለውጥ የሚወስነው። ስድስተኛው የቅጣት ወለድ ውስጥ ነው። ከተማው ለጥምቀት ሽር ጉድ እያለ እኔ እሱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ቴስት የለውም።